ሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ ነድቶ ሰው ስለገደለ ሰው፦ ለሕግ አውጪዎች፣ ለዐቃብያነ ሕግና ለዳኞች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዓይነት ተከሳሽ ብቻ ነው። ጠጥቶ ሲነዳ ከዚህ በፊት ተይዟል። ጥፋተኛ ተብሏል፤ ተቀጥቷል። ከዚያ ደግሞ ጠጥቶ ነዳ። በዚህኛው ሰው ሞተ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተያዘ ሰው አይደለም የማወራው። እንቅልፍ ስለጣለው ወይም ፍሬን እምቢ ስላለው ሾፌርም አይደለም። የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሚዛኑም ሌላ መሆን አለበት። የእኔ ጭንቀት ደጋጋሚው ነው። እሱን ታውቁት ነበርና። ስሙን፣ ታርጋውን፣ የትንፋሹን ውጤት ሳይቀር ይዛችሁት ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው። የሁለተኛው ጥፋት ፍርድ ከመጀመሪያው ጥፋት ይጀምር። መጀመሪያ ሲያዝ በደንብ አስጠንቅቁት፤ ማስጠንቀቂያውን አስፈርሙት፤ መጠጥና መሪን የሚለያይ ነገር አድርጉበት። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ተመልሶ ሰው ከገደለ ግን ጉዳዩን እንደ ተራ ቸልተኝነት አትዩት።

የቅጣት አስተያየት የሚሰማበትን ችሎት ቁጭ ብሎ የተከታተለ ሰው የምለው ይገባዋል። ጠበቃው ይነሳል። ደንበኛዬ የልጆች አባት ነው። የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው። መሥሪያ ቤቱ መልካም ሠራተኛ መሆኑን መስክሯል፤ ደብዳቤው ተያይዟል። በጣም ተጸጽቷል። በዕለቱ ሞቅ ብሎት ስለነበር ምን እንደተፈጠረ አያስታውስም። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ይሄዳሉ። በወዲያኛው ወንበር የሟች እናት ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች። ውስጡ የሆስፒታል ደረሰኝ፣ የሞት ማስረጃና አንድ ጉርድ ፎቶ አለ። እሷን ማንም "ወረቀትሽን አምጪ" አላላትም።

ጠበቃውን አልነቅፍም፤ ሥራው ነው። ያቀረበው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ጠጥቶ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አውሬ አይደለም። ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ሥራ አያረፍድም። እኔን የሚቆረቁረኝ የቀደመው ጥፋቱ በዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል በአንድ መስመር መታለፉ ነው። "ከዚህ በፊት በትራፊክ ጥፋት ተቀጥቷል።" አለቀ። ትንፋሹ ስንት እንደለካ፣ ምን ተብሎ እንደተለቀቀ፣ ማን እንዳስጠነቀቀው አይነበብም። ዋናው ነገር ግን እሱ ነበር።

"አያስታውስም" የምትለዋ ነገር ደግሞ ሁሌም ትገርመኛለች። የሰከረ ሰው በቅጡ ማሰብ አይችልም፤ ልክ ነው። ግን ጥፋቱ በስካሩ ሰዓት አልተጀመረም። ቁልፉን ይዞ፣ ሊጠጣ ወደሚሄድበት ቦታ ራሱ እየነዳ ሲወጣ አእምሮው ንጹህ ነበር። እንዴት እንደሚመለስ ያን ጊዜ ማሰብ ይችል ነበር። ጀማሪው "እዚህ ይደርሳል አልመሰለኝም" ቢል ትንሽ ይሰማ ይሆናል። ደጋጋሚው ግን በዚሁ መንገድ ሄዶ አይቶታል። ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። ይሄኛው ከራሱም አልተማረ።

የሚማረው ነገር ደግሞ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ጉበት አልኮልን የሚያጠራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በአማካይ በሰዓት 0.015 ከመቶ አካባቢ። በደሙ ውስጥ 0.15 ከመቶ ይዞ የተኛ ሰው ሙሉ በሙሉ ለመጥራት 10 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። ስለዚህ ሌሊት ጠጥቶ በጠዋት ሥራ የሚገባውም ገና ሰካራም ሊሆን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እግሩ ወደ ፍሬን ለመሄድ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ 8 ሜትር አለፈ። ሰው የሚሻገርበት ዜብራ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ስፋት የለውም። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ሲያዝ ሊነገረው ይገባ ነበር። ተነግሮታል ወይ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራበት አንድ ነገር አለ፤ ብትወስዱት ደስ ይለኛል። በ1981 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ ሰጠ። ጠጥቶ ነድቶ ሰው የገደለ ሾፌር፣ ድርጊቱ ለሰው ሕይወት እንደሚያሰጋ እያወቀ ግድ ሳይሰጠው ካደረገው፣ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ይችላል አለ። ታዲያ ማወቁ በምን ይረጋገጣል? መልሱ አንዲት ወረቀት ናት። እዚያ ጠጥቶ በመንዳት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ጠጥቶ መንዳት ለሰው ሕይወት እጅግ አደገኛ መሆኑን፣ ዳግመኛ ጠጥቶ ነድቶ ሰው ከሞተ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ እንደሚችል ይነገረዋል። ወረቀቷ መዝገቡ ውስጥ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ጥፋት ሲመጣ ዐቃቤ ሕጉ ያቺን ወረቀት መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ያኖራታል። ይህ ክስ፣ በዚያ ሕግ አጠራር የሁለተኛ ደረጃ ግድያ፣ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል።

የወደድኩት የቅጣቱን ክብደት አይደለም። ወረቀቷ ሰውየውን አድብታ አትይዘውም። አስቀድማ ነግራዋለች። ገና ምንም ሳይሆን፣ ማንም ሳይሞት፣ "ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው" ብላዋለች። አንዳንዱ እዚያው ይነቃል ብዬ አስባለሁ። ያልነቃው ደግሞ በኋላ "ማን ነገረኝ?" አይልም።

ግን መዝገብ ከሌለ ወረቀቷ ዋጋ የላትም። የመጀመሪያው ጥፋት በድርድር ይሟሟል። "ጠጥቶ መንዳት" የነበረው ክስ "በግዴለሽነት መንዳት" ሆኖ ያልቃል፤ የመጠጡ ነገር ይጠፋል። ወይ መንገድ ላይ መቀጫ ተከፍሎ ዱካ ሳይተው ይቀራል። ወይ አንዱ አካባቢ የተቀጣውን ሌላ አካባቢ ያለ ፖሊስ አያየውም። ወይ ደግሞ ስልክ ይደወላል፤ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። ከዚያ ሰውየው ሲገድል "የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው" ተብሎ ማቅለያ ይያዝለታል። ካሊፎርኒያዎች ድርድሩን አልከለከሉም። ክሱ ቢቀልም መጠጥ እንደነበረበት መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ድጋሚ ጠጥቶ ከነዳ እንደ ቀዳሚ ጥፋት ይቆጠርበታል። ይህን ለመኮረጅ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል?

የመጀመሪያውን በዋዛ ማለፍ ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። በ1980 እዚያው ካሊፎርኒያ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በእግሯ ስትሄድ መኪና ገጭቶ ገደላት። ሾፌሩ ጠጥቶ በመንዳት ደጋግሞ የተያዘ ሰው ነበር። ይባስ ብሎ፣ ጠጥቶ ገጭቶ በማምለጥ በተከሰሰበት ሌላ ጉዳይ በዋስ ከወጣ ገና 2 ቀኑ ነበር። እናቷ ካንዲ ላይትነር በዚያው ዓመት ጠጥቶ መንዳትን የሚታገል የእናቶች ማኅበር መሠረተች። በ1988 ደግሞ ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኬንታኪ ውስጥ ሰክሮ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ ሾፌር፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ከሽርሽር የሚመልስ አውቶቡስ ገጨ። 27 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች። ሾፌሩ ከ4 ዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር። 16 ዓመት ተፈረደበት፤ በ1999 ወጣ።

ስለዚያ 16 ዓመት ሰው ብዙ ሊከራከር ይችላል፤ አነሰ፣ በዛ። እኔን የሚከነክነኝ 1984 ነው፤ መጀመሪያ የተያዘበት ዓመት። ያን ጊዜ በእጅ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለሕግ አውጪዎች በተለይ አንድ ነገር ልበል። የቅጣት ጣሪያ ከፍ ማድረግ ትወዳላችሁ። ጭብጨባ አለው፣ በጀት ደግሞ አይጠይቅም። ብሪታንያ ጠጥቶ በግዴለሽነት ነድቶ ሰው ለሚገድል 14 ዓመት የነበረውን ጣሪያ በ2022 ወደ ዕድሜ ልክ አነሳችው። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ጣሪያው ዳኛው የት ላይ እንደሚቆም አይነግረንም። ጠጥቶ መሪ የሚይዝ ሰውም የወንጀል ሕጉን አንቀጽ አያሰላም። የሚያሰላው "ዛሬ እያዝ ይሆን?" ብሎ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ፖሊስ ከዲሴምበር 1982 ጀምሮ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ፣ ጠረጠረም አልጠረጠረም፣ እያስቆመ ትንፋሹን መመርመር ጀመረ። የመንገድ ላይ ሞት በግልጽ ወረደ። ሰዉ የሚያዝበት ዕድል እውነተኛ መሆኑን በዓይኑ ስላየ ነው።

ጠንካራ ሕግ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጃፓን ታስተምራለች። በ1999 አንድ የሰከረ የከባድ መኪና ሾፌር በቶሜይ ፈጣን መንገድ ላይ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ገደለ። የተፈረደበት 4 ዓመት ነው። ወላጆቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ በ2001 በአደገኛ ሁኔታ ነድቶ መግደል የሚባል አዲስ ወንጀል ተደነገገ። ጣሪያው 15 ዓመት ነበር፤ በኋላ 20 ሆነ። በ2006 ፉኩኦካ ውስጥ አንድ የሰከረ ሾፌር ቤተሰብ የያዘ መኪና ከኋላ ገጭቶ ከድልድይ ላይ ባሕር ውስጥ ከተተው። ሦስት ልጆች ሞቱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያን አዲስ ወንጀል አልተቀበለውም፤ 7 ዓመት ከ6 ወር ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው 20 ዓመት አደረገው። ያው ሰው፣ ያው ሌሊት። ልዩነቱ የመጣው "በአግባቡ መንዳት የማይችልበት ደረጃ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም?" ከሚለው ነው። እንዲህ ያለ ልል አነጋገር አንቀጽ ውስጥ ስታስገቡ፣ ወላጅ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ይመላለሳል። በተለካ መጠንና በቀደመ ጥፋት ላይ የቆመ ሕግ ጻፉልን። ሁለቱም በወረቀት የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

ጃፓኖች ሌላም ቀዳዳ ነበራቸው። ገጭቶ የሚያመልጠው ይጠቀምበት ነበር። ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ስካሩ ሲለቀው፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በማግስቱ ከጠበቃ ጋር ይመጣል። የሚለካ ነገር የለም። በ2013 ያወጡት ሕግ የመጠጡን መጠን ለመደበቅ መሸሽን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው፤ እስከ 12 ዓመት ያስቀጣል። ይህ በሌለበት ቦታ ሁሉ ቆሞ ቁስለኛ የሚያነሳው ሾፌር ከሚሮጠው የባሰ ይቀጣል። ደጋጋሚው ደግሞ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አንዴ ተለክቷልና። ሌላ ምንም ባትሠሩ ይቺን ቀዳዳ ድፈኑልን።

አሁን ወደ ዳኞች ልምጣ።

ሞት አልጠይቅም። ለሁሉም ዕድሜ ልክም አልጠይቅም። በ19 ዓመቱ ተይዞ ከ20 ዓመት በኋላ ያጠፋ ሰውና ባለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ ፈርሞ ዘንድሮ የገደለ እኩል አይደሉም። ይህን መለየት የእናንተ ሥራ ነው፤ አንቀጽ አይተካችሁም። የምጠይቀው ቅደም ተከተል ነው። የቀደመው ጥፋት ከማቅለያዎቹ ሁሉ በፊት፣ ጮክ ተብሎ፣ ከነዝርዝሩ ይነበብ። ማቅለያው ከዚያ በኋላ ይሰማ። በገደብ መልቀቅ ለዚህ ዓይነቱ ሰው አይሁን፤ ያን ዕድል አንዴ አግኝቶ አይተነዋል።

"ሱስ ይዞት ነው፣ ታማሚ ነው" ሲባልም እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሱሱ ግን መጠጣቱን እንጂ መሪ መያዙን አያስረዳም። ሕክምናውም መሰጠት የነበረበት መጀመሪያ ሲያዝ ነው። ያኔ ያላሳከመ ሥርዓት ዛሬ በሬሳ ላይ ቆሞ "ታማሚ ነው" ሲል ያሳፍራል። እስር ቤት ውስጥም ቢሆን ይታከም። በቅጣቱ ላይ ይጨመር እንጂ ከቅጣቱ አይቀነስ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ፍርዱን ስታነቡ በአመክሮ መቼ ሊወጣ እንደሚችልም አብራችሁ ንገሩ። ያቺ ባለ ፌስታል እናት "12 ዓመት" ስትሰማ አሥራ ሁለት ዓመት ብላ ነው የምትቆጥረው። ከዓመታት በኋላ ሰውየውን መንገድ ላይ ድንገት ስታገኘው፣ ከእስር አምልጦ እንጂ ተፈትቶ አይመስላትም። ቢያንስ ታውቀው።

መቼም አብዛኛው ይወጣል። ከወጣ በኋላ ያለው ኑሮ የፍርዱ አካል ካልሆነ ሁለተኛ ሟች እየጠበቅን ነው። ከመሪው አጠገብ የምትገጠም፣ የእጅ ስልክ የምታክል መሣሪያ አለች። ሾፌሩ ይተነፍስባታል፤ አልኮል ካገኘች ሞተሩ አይነሳም። መንገድ ላይም በየመሀሉ "ድገም" ትለዋለች፤ ስለዚህ ለማስነሻ የሌላ ሰው ትንፋሽ መለመን ብዙ አያስኬድም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ መሣሪያዋ ተገጥማ ባለችበት ጊዜ ድጋሚ ጥፋት በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስትነሳ ግን አብዛኛው ጥቅም አብሯት ይነሳል። እንግዲያው ለመጀመሪያው ጥፋተኛ ከመጀመሪያው ቀን ትገጠም። ሰው ለገደለው ደግሞ፣ መንጃ ፈቃድ ጨርሶ የሚመለስለት ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ አትነሳ።

መንጃ ፈቃድ መንጠቅ ብቻውን ብዙ አያድንም። ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ሞልቷል። ዴንማርክ ከ2021 ጀምሮ በደሙ ውስጥ ከ0.2 ከመቶ በላይ አልኮል ይዞ የሚነዳን ሰው መኪናውን ትወርሳለች፤ መኪናው የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ጨካኝ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ለሰካራም ዘመድ ቁልፍ ማቀበል እንዲያስፈራ እፈልጋለሁ።

የአሜሪካዋ ግዛት ደቡብ ዳኮታ በ2005 የጀመረችው ደግሞ ከሁሉም ይማርከኛል። ደጋጋሚው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ቀርቦ ይተነፍሳል። ጠጥቶ ከተገኘ እዚያው ይታሠራል፤ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት። ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዛሬውኑ ነው፣ ቀጠሮ የለውም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ፕሮግራሙ በገባባቸው አውራጃዎች ጠጥቶ በመንዳት ድጋሚ መያዝ በ12 በመቶ ቀነሰ፤ በቤት ውስጥ ጥቃት መታሠርም በ9 በመቶ። ሁለተኛዋ ቁጥር ለእኔ ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። ችግሩ መንገድ ላይ ብቻ እንዳልነበር ትናገራለች።

ካሳ ቀረ። ለሟች ልጆች የሚፈረደው ካሳ ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንድ ጊዜ ትልቅ ቁጥር ይጠራል፤ የሚከፍል የለም። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ቴነሲ በ2023 መጀመሪያ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ጠጥቶ ነድቶ ወላጅ የገደለ ሰው ለሟች ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በየጊዜው ቀለብ ይቆርጣል። ቴክሳስም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። እስር ላይ ሆኖ መክፈል ካልቻለ ሲወጣ ይጀምራል። ጠበቃው "ደንበኛዬ የልጆች አባት ነው" ሲል፣ ሟቹም የልጆች አባት እንደነበር ቢያንስ በየወሩ ይታወሳል።

ሕግ እስኪሻሻል የማይጠብቅም ሥራ አለ። ዐቃብያነ ሕግ፣ የቀደመውን መዝገብ በአንድ መስመር አትጥቀሱት፤ ሙሉውን አያይዙት። ዳኞች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ፊታችሁ ለሚቆም ሰው፣ ቅጣቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ዳግመኛ ቢያደርገው ሰው ሊገድል እንደሚችልና ያን ጊዜ "አላወቅሁም" ማለት እንደማይችል በቃላችሁ ንገሩት፤ የነገራችሁትንም በችሎቱ መዝገብ አስጽፉ። ነገ ጠዋት በሚሰየመው ችሎት መጀመር ይቻላል። መልሳችሁንም እንደ ደብዳቤዬ በግልጽ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር